ቀርቦ ማንሳት፦ የድሮ የመኪና ውድድር ፎቶዎችና ያነሷቸው ሰዎች

(ለፎቶግራፍ አፍቃሪዎች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በ1950 ሞናኮ ላይ አንድ ፎቶ የሰው ሕይወት አድኗል። ከዚያ ልጀምር።

ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮን የማታውቁ ካላችሁ፣ አርጀንቲናዊ ነው፤ በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ1950 ግን ሻምፒዮናው ራሱ ገና መጀመሩ ነበር። የሞናኮ ውድድር የሚካሄደው ከተማ ውስጥ ነው። በአንድ በኩል ሕንፃ፣ በሌላ በኩል ባሕር። ውድድሩ ገና ከመጀመሩ ማዕበል መንገዱን አረጠበው። ከኋላ የነበሩት መኪኖች እየተንሸራተቱ ተላተሙ፤ መንገዱም ተዘጋ። ፋንጂዮ ከፊት ስለነበር ምንም አላየም። አንድ ዙር ጨርሶ ወደዚያው ቦታ እየበረረ መጣ።

መታጠፊያው ጋ ሲቃረብ ዓይኑ ተመልካቹ ላይ አረፈ። አንድ ነገር ልክ አልነበረም። የሚመራው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ እሱን ማየት ነበረበት። ሰዉ ግን ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሯል። ፋንጂዮ ፍሬን ያዘ። በተጋጩት መኪኖች መሃል ቀስ ብሎ ሾልኮ አለፈና ውድድሩን አሸነፈ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ከውድድሩ በፊት በ1936 እዚያው ሞናኮ ላይ የደረሰ ተመሳሳይ ግጭት ፎቶ አይቶ ነበር። የተመልካቹን ፊት ሲያይ ያ ፎቶ ትዝ አለው።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ዛሬ የምለው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶው ከውድድሩ ውጭ አልነበረም። ፎቶ አንሺውም ከውጭ ሆኖ የሚታዘብ ሰው አልነበረም። ውስጡ ነበር። ብዙ ሰው እነዚህን ፎቶዎች የሚወዳቸው ፍጥነት ስለሚያሳዩ ይመስለዋል። እኔ ግን አይመስለኝም። ፍጥነት ማሳየት ከሆነ የዛሬ ካሜራ እጅግ ይበልጣል። የድሮዎቹ የሚበልጡት በቅርበት ነው። ለመኪናው ቅርብ፣ ለሰውየው ቅርብ፣ አንዳንዴም ለሞት ቅርብ።

እስቲ ፎቶ አንሺው የት ይቆም እንደነበር አስቡት። በ1950ዎቹ የነበሩት የውድድር መንገዶች አብዛኞቹ ሌላ ቀን ጋሪና አውቶቡስ የሚሄድባቸው ተራ መንገዶች ናቸው። ቤልጂየም የሚገኘው ስፓ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በመንደርና በእርሻ መሃል ያልፋል። ጀርመን የሚገኘው ኑርቡርግሪንግ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ቢሆንም፣ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ በጫካ ውስጥ ይጠማዘዛል። ጠርዙ ላይ የብረት አጥር የለም። የሣር ዳር፣ ዛፍ፣ ቦይ፣ አንዳንድ ቦታ የድርቆሽ እስር፤ ያ ነው። ፎቶ አንሺው ክንዱ ላይ ጨርቅ ያስራል፣ ከዚያ የፈለገበት ይቆማል። መኪናው በክንድ ርቀት ያልፈዋል። ጠጠር ይመታዋል። የነዳጁና የተቃጠለው የጎማ ሽታ ልብሱ ላይ ይቀራል።

አሁን ስለ መሣሪያው ላውራ። ካሜራ ለያዛችሁት ይህ ክፍል ይጣፍጣችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ኮዳክሮም የሚባለው የቀለም ፊልም የብርሃን ስሜቱ (ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል) 10 ነበር። አዎ፣ አሥር። በ1961 የተሻሻለው ሲመጣ 25 ደረሰ። ዛሬ ስልካችሁ ሳትነግሩት በሺዎች ይቆጥራል። ጥቁርና ነጩ ይሻላል፤ በ1954 ትራይ-ኤክስ ለትንሹ ካሜራ ሲመጣ ለፎቶ አንሺዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። በዚያው ዓመት ላይካ ኤም 3 የሚባለው ካሜራ ወጣ። በ1959 ደግሞ ኒኮን ኤፍ ተከተለ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ይይዛል። ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ፊልሙን በአውራ ጣት መሳብ አለባችሁ። ፎከሱም በእጅ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው መኪናው ላይ ፎከስ ለማድረግ አይሞክርም፤ አይደርስበትም። አስፋልቱ ላይ አንድ ምልክት ይመርጣል፤ ስንጥቅም ይሁን የዘይት ጠብታ። እዚያ ላይ ፎከስ አድርጎ ይጠብቃል። መኪናው ምልክቱ ላይ ሲደርስ ይጫናል። በእርግጥ ሲደርስ አይደለም፤ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ የጣት መዘግየት አለና።

ሒሳቡን ተመልከቱ። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 69 ሜትር ይጓዛል። መዝጊያው በ1/1000 ሴኮንድ ቢሠራ እንኳ መኪናው በዚያ ቅጽበት 7 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። በ1/500 ከሆነ 14 ሴንቲ ሜትር። በ1/60 ከሆነ ከአንድ ሜትር በላይ! ካሜራውን ዝም ብላችሁ ብትይዙት የምታገኙት ጭስ ነው። በጣም ፈጣን መዝጊያ ብትጠቀሙ ደግሞ ጎማው ሳይቀር ቀጥ ይላል፤ መኪናው ቤት ደጃፍ የቆመ ይመስላል። መፍትሔው ካሜራውን ከመኪናው ጋር ማዞር ነው። እግር ይተከላል፣ ወገብ ይዞራል። ዓይን መኪናው ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይነቀልም። ፎቶው ከተነሳ በኋላም መዞሩ አይቆምም። ያኔ መኪናው ጥርት ይላል፣ ጎማው ሲሽከረከር ይታያል፣ ከኋላ ያለው ዛፍና ሰው ወደ መስመር ይለወጣል።

የዚህ ነገር አባት የሚባል ሰው ካለ ዣክ ሄንሪ ላርቲግ ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ የሀብታም ልጅ፤ በ1894 የተወለደ። ገና ወጣት ሳለ በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ (ትልቁ የመኪና ውድድር) ላይ አንድ የምታልፍ መኪና አነሳ። ፎቶው ለረጅም ጊዜ የ1912 ነው ሲባል ቆይቶ በኋላ የ1913 መሆኑ ተደርሶበታል። አይታችሁት ይሆናል። የኋላ ጎማው ክብ አይደለም፤ ወደ ፊት የተጋደመ እንቁላል ነው። መንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች ደግሞ ወደ ኋላ ተጋድመዋል። የመኪናው አፍንጫ ተቆርጦ ከፎቶው ወጥቷል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የካሜራው መዝጊያ በአንዴ አይከፈትም ነበር። ጠባብ ክፍተት ፎቶውን እየጠረገ ያልፋል። መጀመሪያ የታችኛው የመንገዱ ክፍል ተመዘገበ፤ ከዚያ ወደ ላይ። ጫፉ ላይ እስኪደርስ መኪናው ወደ ፊት ሄዷል፤ ስለዚህ ጎማው ወደ ፊት አዘነበለ። ላርቲግ ካሜራውን ከመኪናው ጋር እያዞረ ነበር፤ ግን መኪናው ቀደመው። ለቆሙት ሰዎች ደግሞ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው፤ ስለዚህ እነሱ ወደ ኋላ አዘነበሉ። በቴክኒክ ካየነው ስህተት ነው። ግን መኪናው የሚሮጥ ብቻ ሳይሆን ራሱን የሚቀድም ይመስላል። ዓለም ላርቲግን በደንብ ያወቀው በ1963 የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ሲያሳይ ነው። ያኔ ሰውየው ወደ 70 ዓመቱ ተጠግቷል። ሃምሳ ዓመት የቆየች ፎቶ!

ሌላው ከባድ ነገር ዕድሉ ጥቂት መሆኑ ነው። በሲሲሊ ተራሮች ይካሄድ የነበረው ታርጋ ፍሎሪዮ አንድ ዙሩ 72 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1960ዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዙር ይሮጣል። ፈጣኑ ሹፌር እንኳ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ኮሌሳኖ መንደር ውስጥ ቦታ ይዘህ ከቆምክ፣ የምትፈልገው መኪና ቢበዛ 10 ጊዜ ያልፍሃል። ያውም ካልተበላሸ። ዛሬ አንድ ሰው በሴኮንድ ከ10 በላይ ፎቶ ያነሳል። ያኔ በሙሉ ቀን ውስጥ አሥር ዕድል ነበር፤ በመሃሉ ግን ግማሽ ሰዓት ማሰቢያ ጊዜ አለ። እኔ ይህ መጠበቅ ፎቶውን የተሻለ አድርጎታል ባይ ነኝ። መንደሩን ታያለህ። ጥቁር የለበሱ እናቶች ወንበር አውጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል። ልጆች ግንብ ላይ ተሰቅለዋል። ፀሐይ የት እንደምትደርስ ታሰላለህ። መኪናው ሲመጣ ፎቶው ግማሹ ተሠርቷል።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸ ነው።

የዚያን ጊዜ ሹፌር ፊቱ ይታያል። ሄልሜቱ ጭንቅላቱን ብቻ ይሸፍናል፤ ፊቱ ላይ መነጽር አለ፣ አንዳንዱ አፉን በጨርቅ ይሸፍናል። መኪናው ክፍት ነው። ትከሻው፣ ክንዱ፣ መሪውን የያዘው እጁ፣ ሁሉም ውጭ ነው። መታጠፊያ ውስጥ ከንፈሩን ሲነክስ ታየዋለህ። እንግሊዛዊውን ሹፌር ስተርሊንግ ሞስን ከሩቅ የሚለዩት በአቀማመጡ ነበር፤ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ።

በ1955 ሞስ ሚሌ ሚሊያን አሸነፈ። ይህ የጣሊያን ውድድር ከብሬሻ ተነስቶ ሮም ደርሶ ይመለሳል፤ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በተራ መንገድ። መኪናው ማርቼዲስ 300 ኤስ ኤል አር ነው። ጎኑ ላይ 722 ተጽፏል፤ የተነሳበት ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ22፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 7፡22። ከጎኑ የተቀመጠው ጺማሙ ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን ነው። መንገዱን በረጅም ጥቅል ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን በትንሽ ሳጥን ውስጥ እያዞረ በእጅ ምልክት ለሞስ ያሳየው ነበር። ውድድሩን በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ጨረሱት። በአማካይ በሰዓት ከ157 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሲደርሱ የተነሱት ፎቶ አለ። ሁለቱም ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሯል፤ መነጽሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጭ ነው። ስለዚያ ቀን አንድ ገጽ ጽሑፍ ከማነብ ያንን ፎቶ አንድ ደቂቃ ባይ እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የጄሲ አሌክሳንደር ነው። አሜሪካዊ ነው፤ በ1950ዎቹ አውሮፓ መጥቶ ኑሮውን ከውድድሩ ጋር አደረገ። ሰኔ 1962 ስፓ ላይ ጂም ክላርክ የመጀመሪያውን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። አሌክሳንደር ከውድድሩ በኋላ ፊቱን አነሳው። መኪና የለም። ዋንጫ የለም። አንድ የደከመ የስኮትላንድ ገበሬ ፊት ብቻ ነው። ዓይኑ ካሜራውን አያይም፤ ሌላ ቦታ ነው።

ፎቶውን በደንብ ለመረዳት ክላርክ ስፓን ምን ያህል እንደሚጠላ ማወቅ ይጠቅማል። ከሁለት ዓመት በፊት በ1960 እዚያው ቦታ በአንድ ውድድር ሁለት ሹፌሮች ሞተዋል። ክሪስ ብሪስቶው እና አለን ስቴሲ። ስቴሲ የክላርክ የቡድን ጓደኛ ነበር። የብሪስቶውን አስከሬን ደግሞ ክላርክ ሲያልፍ ለጥቂት ነው ያልገጨው። በዚህ በሚጠላው መንገድ ላይ ከ1962 እስከ 1965 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸንፏል። በሚያዝያ 1968 ጀርመን ውስጥ ሆከንሃይም ላይ ሲወዳደር ሞተ። አሌክሳንደር ፎቶውን ሲያነሳ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያውቅም። ግን ቀርቦ ነበር፤ ያን ፊት አየው፤ ጣቱም አልዘገየም። የአሸናፊ ፎቶ ማለት እጅ ወደ ላይ ማንሳትና መሳቅ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን ፎቶ አሳዩት።

እንዲህ ያለ ቅርበት በሌንስ አይገኝም። አብሮ በመኖር ነው። ሹፌሮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ፎቶ አንሺዎቹም ጥቂት። አንድ ሆቴል ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ። ፈረንሳዊው በርናርድ ካዬ ከሹፌሮቹ ጋር ወዳጅ ከመሆን አልፎ ራሱ ተወዳድሯል። በ1967 ታርጋ ፍሎሪዮ ላይ ከበረዶ ሸርተቴው ጀግና ከዣን ክሎድ ኪሊ ጋር ፖርሽ 911 ነድቷል። ጀርመናዊው ራይነር ሽሌግልሚልሽ በ1962 ኑርቡርግሪንግ ሲመጣ ገና ወጣት ነበር፤ ልቡም ከመኪናው ይልቅ ሹፌሮቹ ፊት ላይ ነበር። ከውድድሩ በፊት መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ያነሳቸው ፊቶች አሉ። ሞተር አልተነሳም፤ ግን ሁሉ ነገር ፊታቸው ላይ አለ።

እስከ መጨረሻው የቀረበው ግን ሉዊ ክሌማንታስኪ ነው። በ1957 ሚሌ ሚሊያ ላይ መንገድ ዳር አልቆመም፤ ፌራሪው ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ፒተር ኮሊንስ ነው። ክሌማንታስኪ ሥራው ሁለት ነበር፤ መጪውን መታጠፊያ በእጅ ምልክት ማሳየት እና ፎቶ ማንሳት። ከኮሊንስ ጎን ሆኖ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም ያስደነግጣሉ። የሹፌሩ ክንድ፣ የመሪው እንጨት፣ ከመስታወቱ በላይ የሚመጣው መንገድ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ሰው። ሰው ብቻ። አጥር የለም። መኪናው እየመራ ሳለ ፓርማ አካባቢ የኋላ አክስሉ ተበላሽቶ ቆመ። ፎቶዎቹ ግን ተረፉ። የሚገርመው፣ መንገዱን የሞላውን ያን ሁሉ ሕዝብ ከሹፌሩ ዓይን ያየነው፣ ሚሌ ሚሊያ እንደ ፍጥነት ውድድር በተካሄደበት በመጨረሻው ዓመት መሆኑ ነው።

ለምን መጨረሻ ሆነ? በዚያው ቀን አልፎንሶ ደ ፖርታጎ የተባለ የ28 ዓመት ስፔናዊ መኳንንት ሌላ ፌራሪ ይነዳ ነበር። ሮም ሲቆም ተዋናይቷ ሊንዳ ክርስቲያን ወደ መኪናው መጥታ ሳመችው፤ ይህም ፎቶ ተነሳ። ከሰዓታት በኋላ ጉዊዲትዞሎ የምትባል መንደር አጠገብ ጎማው ፈነዳ። ፖርታጎ፣ አብሮት የነበረው ኤድመንድ ኔልሰን እና ዘጠኝ ተመልካቾች ሞቱ። ከዘጠኙ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ጋዜጦች የመሳሙን ፎቶ «የሞት መሳም» ብለው አወጡት። እኔ ይህን ስም አልወደውም። ሴትየዋ ሰው ተሰናበተች እንጂ ሞት አላመጣችም። አምስቱ ልጆች በዚያ ስም ውስጥ የሉም። ፎቶው ውብ ስለሆነ ሰዉ እሱን አስታወሰ፤ መንደሯን ግን ብዙ ሰው ረሳ።

ቅርበት ሁልጊዜ እውነት ያመጣል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ፊት ሊዋሽ ይችላል። በትክክል ለመናገር፣ አንድ መቶኛ ሴኮንድ ስለ አንድ ሙሉ ቀን ሊዋሽ ይችላል። ሰኔ 11 ቀን 1955 ፈረንሳይ ውስጥ «ለማን» በሚባለው ከተማ በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የፒየር ሌቬ ማርቼዲስ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወደ ሕዝቡ ገባ። ሌቬ እና ከ80 በላይ ተመልካቾች ሞቱ። በመኪና ውድድር ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ውድድሩ ግን ቀጠለ። ማርቼዲስ ሌሊት ላይ ራሱን አገለለ፤ በማግስቱ ማይክ ሆውቶርን በጃጓር አሸነፈ። ሻምፓኝ ይዞ ሲስቅ የተነሳው ፎቶ ወጣ። አንድ የፈረንሳይ መጽሔት ፎቶውን ፌዝ ባዘለ ጽሑፍ አትሞ አቀረበው። አደጋው የተጀመረው ሆውቶርን ወደ ፒት (መኪናው ነዳጅ የሚሞላበትና የሚጠገንበት ቦታ) ለመግባት ፍሬን ሲይዝ ነው ተብሎ ስለነበር፣ ፎቶው እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። የመንግሥት ምርመራ አንድን ሰው ለይቶ ጥፋተኛ አላደረገም። ከአደጋው በኋላ ሆውቶርን እጅግ ተረብሾ እንደነበር በቦታው የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። የዚያ ሰዓት ፎቶ ግን አልታተመም፤ የታተመው የሳቁ ነው። በ1958 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በጥር 1959 ተራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ያ ፎቶ እስከ መጨረሻው ተከተለው።

ፎቶ ድልም ወስዷል። ለማን፣ 1966። የፎርድ መኪኖች ፌራሪን ድባቅ መትተው ከአንድ እስከ ሦስት ይዘዋል። የድርጅቱ ሰዎች ሦስቱ መኪኖች አንድ ላይ ሲገቡ የሚያሳይ ፎቶ ፈለጉ። ለማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ኬን ማይልስ እየመራ ነበር። ቀዝቀዝ በል ተባለ፤ ቀዘቀዘ። ጠበቃቸው። ተሰልፈው ገቡ፤ ፎቶውም ተነሳ። ዳኞቹ ግን አብሮ መግባት እኩል መውጣት አይደለም አሉ። የብሩስ ማክላረንና የክሪስ ኤመን መኪና ሲጀመር ከኋላ ስለተሰለፈ ጥቂት ሜትሮች የበለጠ ተጉዟል። ድሉ የእነሱ ሆነ። ማይልስ በዚያ ዓመት ሁለቱን የአሜሪካ ውድድሮች፣ ዴይቶናንና ሴብሪንግን፣ አሸንፎ ነበር፤ ለማንን ቢጨምር ሦስቱን በአንድ ዓመት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ይሆን ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሲሞክር ሞተ። ፎቶው በጣም ያምራል። ሳየው ግን ሁልጊዜ ይከፋኛል።

ስለ መኪኖቹስ? ትንሽ ልበል፤ ፍቅሬን መደበቅ አልችልም። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ መኪናው የሚቀባው በአገሩ ቀለም ነበር። ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጀርመን ብርማ፣ ቤልጂየም ቢጫ። ጎኑ ላይ ቁጥር እንጂ ትልልቅ ማስታወቂያ የለም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው የሚያየው ቅርጹን ነው። የጃጓር ዲ-ታይፕ ከሹፌሩ ራስ ጀርባ የሚነሳ ክንፍ አለው። የፌራሪ ቴስታ ሮሳ የፊት ጎማውን የሚሸፍነው ክፍል ከአካሉ ተለይቶ ያበጠ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀዩ ፌራሪና አረንጓዴው ጃጓር ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። ቅርጹ ነው የሚለያቸው። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ከታች ተንበርክኮ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ብርሃኑ የብረቱን እብጠት እንዲከተል ያደርግ ነበር።

አሉሚኒየሙ በመዶሻ በእጅ ነው የሚቀጠቀጠው። ስለዚህ አንድ ዓይነት የሚባሉ ሁለት መኪኖች በትክክል አንድ አይደሉም። የአንዱ አየር ማስገቢያ ትንሽ ይሰፋል፤ የሌላው ሪቬት (ብረቱን የሚያያይዘው ምስማር) በሌላ መስመር ይሄዳል። ይህ ዛሬ ትልቅ ገንዘብ አለው። በ2018 አንድ ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እንዲህ ያለ መኪና እውነተኛው መሆኑን ለማረጋገጥ ባለሙያዎች ከሚያገላብጧቸው ማስረጃዎች አንዱ የድሮ ፎቶ ነው። በየትኛው ውድድር የቱ ጋ ተጨረመተ፣ በሚቀጥለው ውድድር እንዴት ተጠግኖ መጣ። ለዕለት ጋዜጣ የተነሳ ፎቶ ከ60 ዓመት በኋላ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ላነሳው ሰው የተከፈለው ግን ለአንድ ዕትም ብቻ ነበር።

ይህ ቅርበት እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁና ልጨርስ። በ1968 አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ሄልሜት ይዞ ፎርሙላ ዋን ላይ ብቅ አለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ተከተለው። ፊቱ ጠፋ። በዚያው 1968 የእንግሊዙ የውድድር ቡድን ሎተስ የአገሩን አረንጓዴ ትቶ በሲጋራ ድርጅት ቀለም መጣ። ለማን ላይ ሹፌሮች መንገዱን ሮጠው አቋርጠው መኪናቸው ውስጥ የሚዘሉበት አጀማመር ለፎቶ አንሺ የማይገኝ ስጦታ ነበር። በ1969 ጃኪ ኢክስ ይህ ያስገድላል ብሎ እየተራመደ ሄደ፣ ቀበቶውን በደንብ አሰረ፣ መጨረሻ ተነሳ። በመጀመሪያው ዙር ጆን ዎልፍ ሞተ። ኢክስ በማግስቱ በ120 ሜትር ያህል ብልጫ አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሹፌሮቹ ታስረው ተቀምጠው ጀመሩ። ከዚያ የብረት አጥሩ መጣ፣ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ተገፋ፣ ሌንሱ ረዘመ።

እኔ ለዚያ ጊዜ ፎቶ ያለኝ ፍቅር ትልቅ ነው። ያ አደጋ እንዲመለስ ግን አልመኝም። አንድም ጥሩ ፎቶ የአንድ ሰው ሕይወት አያህልም። ይህን ፊት ለፊት መናገር አለብን፤ ምክንያቱም እነዚህን ፎቶዎች የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሞቱንም እንደ ውበቱ አካል አድርገው ያወሩታል። ክላርክ ሲሞት 32 ዓመቱ ነበር። ገና ብዙ ፎቶ ሊነሳ ይችል ነበር።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ የሹፌሩ ስም ሁልጊዜ ተጽፏል። ጎማውን የሚፈታው፣ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ሌሊቱን የሚያድረው፣ የሰዓት መለኪያ ይዛ ግንብ ላይ ተቀምጣ ዙር የምትቆጥረው ግን ብዙ ጊዜ ስም የላቸውም። «ከመካኒኩ ጋር» ይባላል፣ «ከባለቤቱ ጋር» ይባላል፣ ያልፋል። ፎቶ አንሺዎቹ ያውቋቸው ነበር፤ አብረው በልተዋል። ግን ከፎቶው ጀርባ አልጻፉትም። ዛሬ የድሮ ኔጋቲቮችን የሚያደራጁ ሰዎች ትልቁ ሥራቸው እነዚህን ስሞች መፈለግ ሆኗል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው። እናንተም ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ስም ያልተጻፈባቸው የሰዎች ፎቶዎች ካሉ፣ በዚህ ሳምንት ተቀምጣችሁ ጻፉባቸው። ሰዎቹ ስልካችሁ ላይ እያሉ ደውሉላቸው።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስለ ፊልምና ስለ ሌንስ የምትጠይቁትን ላስቀድም፤ ስለ መኪኖቹ የምትጠይቁት ከዚያ ቀጥሎ። አመሰግናለሁ።